የ30 ቀን የጌም ሥዕል ቻሌንጅ ከጥቅምት 1፦ መጠን፣ ቀለምና ርዕስ እንዴት ልወስን?

ቀዛፊዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቅምት 1 እስከ 30 በየቀኑ አንድ ዲጂታል ሥዕል ለመሥራት አስቤያለሁ፤ ሁሉም በቪዲዮ ጌም መንፈስ፣ ቦታው ግን ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ። የውጭዎቹ ኢንክቶበር (በኦክቶበር ወር በየቀኑ የመሣል ቻሌንጅ) 31 ቀን ነው፤ ኦክቶበር 1 መስከረም 21 ላይ ስለሚውል ሁለት ወር ይቆርጣል። የእኛ ወር ድፍን 30 ስለሆነ ለቆጠራ ይሻላል።

ያለኝ ዕቃ፦ 6.5 ኢንች አንድሮይድ ስልክ ጫፉ ላስቲክ ከሆነ ተራ ስቲለስ ጋር፣ ክሪታ (የሥዕል ፕሮግራም) የተጫነበት ላፕቶፕ (ባትሪው አንድ ሰዓት ተኩል ይይዛል) እና ማውዝ። የሥዕል ታብሌት የለኝም። በቀን 45 ደቂቃ እሰጠዋለሁ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ። መብራቱን ታውቁታላችሁ።

ካንቫሱ ስንት በስንት ይሁን? ቀለም ልገድብ ወይስ ልተወው? 30ውን ርዕስ አስቀድሜ ልጻፍ ወይስ በዕለቱ ልምረጥ? ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው እንዳይደበዝዝስ ምን ላድርግ?

ባለ16

64 በ64 ፒክስል፣ 4 ቀለም፤ እስከ 30ኛው ቀን አትቀይሪው። ካንቫሱ 2000 በ2000 ሲሆን 45ቱ ደቂቃ የሚያልቀው “ይህን ቅጠል ልጨምር፣ ያን ጥላ ላለስልስ” ሲባል ነው። 64 ላይ የምትጨምሪበት ቦታ የለም። ያለሽ 4,096 ነጥብ ነው፣ አለቀ።

ይህ ገደብ የሰነፍ ዘዴ እንዳይመስልሽ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በእጅ የሚያዘው የጌም መጫወቻ ጌም ቦይ ስክሪኑ 160 በ144 ነበር፤ ቀለሙም አራት ደረጃ ብቻ። ሥዕሉ ሁሉ 8 በ8 ከሆኑ ታይሎች (እየተደጋገሙ ከሚደረደሩ ትናንሽ ካሬ ቁራጮች) ነው የሚገነባው፤ ስክሪኑን ለመሙላት 20 በ18፣ ማለትም 360 ታይል። ማሪዮም በ1981 እ.ኤ.አ. ዶንኪ ኮንግ በተባለው ጌም ላይ ሲመጣ ኮፍያና ሪዝ የተሰጠው ፀጉርና አፍ በዚያች ጥቂት ነጥብ መሣል ስላስቸገረ ነው። መልኩን የሠራው እጥረቱ ነው።

ቀለሙ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው “የጌም ቦይ ፓሌት” (የቀለም ስብስብ) ብሎ የሚያወርደው፣ በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን ሲጻፍ፣ (15፣56፣15)፣ (48፣98፣48)፣ (139፣172፣15) እና (155፣188፣15) ነው። አትውሰጂው። ወደ ግራጫ ስትቀይሪው (0 ጥቁር፣ 255 ነጭ) ሁለቱ ፈዛዞች 144 እና 158 ገደማ ላይ ይወድቃሉ፤ ልዩነታቸው 14 ብቻ ነው። ሐይቅ ዳር ፀሐይ ላይ ስልኩን የሚያይ ሰው ሦስት ቀለም ነው የሚታየው። በዚያ ላይ አረንጓዴው ለጣና አይሆንም፤ በጥቅምት የክረምቱ ደለል ገና ስላልጠራ ውኃው ቡናማ ይበዛዋል። ይህን ሞክሪ፦ (38፣28፣30)፣ (104፣74፣52)፣ (178፣140፣88)፣ (240፣224፣176)። በግራጫ 31፣ 80፣ 145 እና 223 ገደማ ይሆናሉ፤ አንዱ ከሌላው አይጣበቅም። የራስሽን ስትመርጪም መጀመሪያ ወደ ግራጫ ቀይረሽ እዪ። በጎረቤት ቀለሞች መካከል ከ40 በታች ልዩነት ካለ ጣይው።

ዘንባባ

ባለ16 ስለ ቀለሙ ያለው ልክ ነው፤ መጠኑ 64 መሆኑ ጊዜ ይቆጥባል ያለው ላይ ግን አልስማማም። ፒክስል ሥዕል አጭር የሚመስለው ላልሠራው ነው። 64 ላይ የአንድ ሰው ፊት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይበላል፣ ምክንያቱም አንድ ነጥብ ሲነሣ አፍንጫው ይሄዳል። ለዕቃና ለእንስሳ 32 በ32 ይበቃል፤ 64ን ለቦታ አስቀምጪው።

45ቱን ደቂቃ እንዲህ ክፈይው፦ 5 ደቂቃ ፎቶ ማየት፤ 15 ደቂቃ በጥቁር ብቻ ድፍን ቅርጽ፤ 15 ደቂቃ ቀለም ማልበስ፤ 7 ደቂቃ ጥላና ብርሃን፤ የቀረው ለማስቀመጥ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቁሩ ቅርጽ ነው። ቀለም ሳይገባ ፔሊካኑ ፔሊካን ካልመሰለ በቀለም አይድንም። የምንቁርና የከረጢቱ ርዝመት ቢያንስ የአካሉን ሲሶ ይሁን፤ በተፈጥሮ ልኩ ብትሠሪው 32 ላይ ዳክዬ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዙሙን 100 ፐርሰንት አድርጊና ክንድሽን ዘርግተሽ እዪው።

ስለ ስልኩ፦ የ6.5 ኢንች ስክሪን ወርድ 7 ሴንቲሜትር አይሞላም። 64 ፒክስል ሲዘረጋበት አንዱ ነጥብ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የስቲለሱ ላስቲክ ደግሞ ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ የነካሽውን አታዪም። ስልኩን ለጥቁሩ ቅርጽ ተጠቀሚበት፣ ነጥብ የማስተካከሉን ሥራ ለላፕቶፑና ለማውዙ ተዪው። ለዚህ ሥራ ማውዝ ከርካሽ ታብሌት አያንስም።

ክሪታ ላይ ከፒክስል አርት ብሩሾች አንዱን ምረጪ። ተራው ብሩሽ አንቲ-አሊያሲንግ አለው፤ የመስመሩን ዳር በግማሽ ቀለም ያለሰልሳል። 4 ቀለም ያልሽው ሳታውቂው 40 ይሆናል፣ በኋላም በባልዲው (በቀለም መሙያው) ስትሞይ ዳር ዳሩ ላይ አቧራ የመሰለ ነጥብ ይቀራል።

ማታ ስለምትሠሪ ሌላም አለ። ስልኩም ላፕቶፑም ላይ “የሌሊት ብርሃን” የሚባለውን አጥፊው። ስክሪኑን ወደ ብርቱካን ስለሚወስደው ዓይንሽ ሰማያዊ እየጨመረ ያካክሳል፤ ጠዋት ስታዪው ሥዕሉ የቀዘቀዘ ሬሳ ይመስላል። ቀለም በቁጥር ካስገባሽ ግን ይህ አያሳስብሽም፤ ለዚህም ነው ፓሌቱን አስቀድሞ መቆለፍ የሚሻለው።

የግሽ ዓባይ ልጅ

ርዕሱን አስቀድመሽ ጻፊ፤ ግን በዕቃ ስም አይሁን። በጌም ውስጥ ባለው ሥራ ጻፊው። “ፔሊካን” ብለሽ ከጻፍሽ የወፍ ፎቶ ትገለብጫለሽ። “ከላይ የሚመጣ ጠላት” ብለሽ ከጻፍሽ ግን አቅጣጫ፣ ፍጥነትና ዓላማ ይኖረዋል። “ሕይወት የሚሞላ” የተጠበሰ ቆሮሶ ሊሆን ይችላል፤ “ሴቭ ማድረጊያ” ጀበናና ረከቦት፤ “የሚሰበሰብ” አንድ እስር ደንገል፤ “መጓጓዣ” ታንኳ፣ ከተማ ውስጥ ሲሆን ባጃጅ፤ “ወጥመድ” የሚንሳፈፍ አረም። አለቃው (የመጨረሻው ትልቅ ጠላት) ያለ ክርክር ጉማሬ ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ 10 ዕቃ፣ ከዚያ 8 ፍጡር፣ ከዚያ 8 የቦታ ታይል፣ በመጨረሻ 4 ሙሉ ስክሪን። ሙሉ ስክሪን በ160 በ144 ከባዶ ብትጀምሪ በ45 ደቂቃ አታደርሽውም። ከ26ኛው ቀን በኋላ ግን ዕቃውም ታይሉም እጅሽ ላይ ስለሆነ ሥራው መደርደር ብቻ ነው። ሰው የሚደክመውም ያን ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ከባድ የሚመስለው ቀን በተግባር ቀላል ይሆናል። ሁሉም አንድ ፓሌት መሆን ያለበትም ለዚሁ ነው፤ የ3ኛው ቀን ጀበና ከ21ኛው ቀን መሬት ጋር ካልገጠመ መደርደር የለም።

ቀን ካመለጠሽ በማግሥቱ ሁለት አትሥሪ። አንዱ ይበላሻል፣ ሌላው ያስጠላሻል። ይልቅ በ10 ደቂቃ የሚያልቁ ሁለት ርዕሶች (አንድ የድንጋይ ታይል፣ አንድ የልብ ምልክት) ለመጠባበቂያ አስቀምጪና ለባከነው ቀን አውጪያቸው።

ለፊት አሣሣል ከጌም ይልቅ ዘጌ ያስተምርሻል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ጠፍጣፋ ቀለም፣ ጥቁር ዳር መስመር፣ ትልቅ ዓይን ነው፤ ለትንሽ ስፕራይት (በጌም ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ምስል) የሚያስፈልገው ሁሉ አለበት። በጥንቱ ሥርዓት ጻድቁ ሁለቱም ዓይኑ እየታየ፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። 16 ፒክስል ላይ ይህ ወርቅ ነው፦ ወዳጁን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን እያንዳንዱ 2 በ2፣ መካከሉ 2 ክፍት፤ ጠላቱን በጎን። ተጫዋቹ ቀለም ሳያይ ይለየዋል። ስትሄጂ ፍላሽ አታብሪ። የጣና ደሴት ገዳሙ ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማያስገባ ለጀልባ ከመክፈልሽ በፊት መንገዱን አረጋግጪ። ደግሞ አሣሣሉን እንጂ ቅዱሳኑን ወደ ጌሙ አታስገቢ፤ የሚመታና የሚሞት ስፕራይት ቢሆኑ ሰው ይቀየማል፣ ቢቀየምም አልፈርድበትም።

ቀዛፊዋ

እግዜር ይስጥልኝ። ለዕቃ 32፣ ለቦታ 64፣ ፓሌቱ የባለ16 ይሁን። ሦስት ነገር ቀረኝ። የቀዛፊው ዘንግ ሰያፍ መስመር ሲሆን የተሰባበረ መሰላል ይመስላል። የውኃ ታይል ሲደጋገም እንደ ሰሌን ፍርግርግ ይታያል። ጢስ ዓባይን በጥቂት ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ማንቀሳቀስስ ይቻላል?

ባለ16

ዘንጉ፦ ደረጃው እኩል ይሁን። ሁለት ነጥብ ወደ ጎን አንድ ወደ ላይ ካልሽ እስከ መጨረሻው ሁለት-ሁለት-ሁለት። ሁለት-አንድ-ሦስት-ሁለት ሲሆን ነው የሚሰበረው። በተግባር የሚያምሩት ጥቂት ማዕዘኖች ናቸው፦ አንድ ለአንድ (45 ዲግሪ)፣ ሁለት ለአንድ (ወደ 27)፣ ሦስት ለአንድ (ወደ 18)። ዘንጉን ከእነዚህ ወደ አንዱ አዘንብዪው፤ ቀዛፊው ትንሽ ቢያጎነብስ ማንም አይከስሽም። የታንኳው አፍንጫ ወደ ላይ ሲታጠፍ ደግሞ ደረጃው እየቀነሰ ይሂድ፦ 6፣ 4፣ 2፣ 1፣ 1። መሃል ላይ ተመልሶ ካደገ ጉብታ ይሆናል። 32 ላይ ታንኳውን 26 ርዝመት፣ አካሉን 4 ከፍታ፣ አፍንጫውን ከአካሉ በላይ 7 አድርጊው። የደንገሉን ጭረት በሦስተኛው ቀለም አግድም፣ ማሰሪያውን በየ5 ፒክስሉ በጨለማው ቀለም አንድ ነጥብ ወርድ ቁልቁል።

ውኃው፦ ፍርግርጉን የሚፈጥረው በጣም ፈዛዛዋ ነጥብ ናት። ታይሉ ላይ አንዲት ብቻ ብትኖር እንኳ በየ8 ፒክስሉ ስትደጋገም ዓይን ይቆጥራታል። ዋናውን ታይል በሁለቱ መካከለኛ ቀለሞች ብቻ ሥሪ። ብልጭታ ያለበትን ሁለተኛ ታይል ለብቻ አዘጋጂና ከአሥር አንድ ቦታ ብቻ ጣል ጣል አድርጊው። ክሪታ ላይ ደብልዩን ስትጫኚ ካንቫሱ በአራቱም አቅጣጫ ራሱን ይደጋግማል፤ መጋጠሚያው እየታየሽ ትሠሪያለሽ።

ጢስ ዓባይ፦ 8 በ8 ታይል፣ 4 ፍሬም፣ በየፍሬሙ ጭረቶቹ 2 ፒክስል ይውረዱ። 4 ጊዜ 2 ልክ 8 ስለሆነ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ አይታወቅም። 3 ፒክስል ብታወርጂ 12 ይሆናል፣ ለ8 አይካፈልም፣ በየዙሩ ይዘላል። ለአንድ ፍሬም 100 ሚሊሰከንድ ይበቃል። ጭረቶቹ እኩል ርዝመት አይኑራቸው፤ እኩል ከሆኑ ፏፏቴው መጋረጃ ይመስላል። ሥሩ ላይ ያለውን ጢስ በሁለቱ ፈዛዛ ቀለሞች እንደ ዳማ ገበታ አንድ ዝለል አንድ አስቀምጪና በሁለት ፍሬም ቦታ አለዋውጪያቸው።

ለጉማሬው ይህን አትርሺ፦ ከውኃ በላይ ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ብቻ። ሁለት ፍሬም፤ በሁለተኛው ጆሮው አንድ ፒክስል ይውረድ። ሙሉ አካሉን ከሣልሽው ድንጋይ ይሆንብሻል፣ ፍርሃቱም ይጠፋል።

ደንገል

ስለ መለጠፉ ማንም አልመለሰም። 64 በ64 በ4 ቀለም ለነጥብ 2 ቢት ነው፤ ሳይጨመቅ 1,024 ባይት፣ አንድ ኪሎባይት። የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም። የሚያደበዝዘው ሌላ ነገር ነው።

ዋናውን ትንሹን ፋይል በፍጹም አትንኪው። ቅጂ አውጪና በ16 አባዢው፣ 1024 በ1024 ይሆናል (የ32ቱን በ32)። ስታሳድጊ የማሳደጊያው ዘዴ “ኒረስት ኔበር” መሆኑን አረጋግጪ፤ ሌሎቹ በነጥቦች መካከል አዲስ ቀለም ይፈጥራሉ። በፒኤንጂ አስቀምጪ፣ ጄፔግ የነጥቡን ዳር ያቆሽሻል። ቴሌግራም ላይ በ“ፎቶ” ሳይሆን በ“ፋይል” ላኪው፤ ፎቶ ካልሽው ራሱ ወደ ጄፔግ ይጨምቀዋል። ጂፍ ደግሞ ወደ ቪዲዮ ስለሚቀየር ፏፏቴውን ሳታሳድጊ ከላክሽው ጭጋግ ነው የሚደርሰው።

መብራቱን በተመለከተ፦ ላፕቶፑን ቀን ሙሉና አድርገሽ ማታ ከመሰኪያው ነቅለሽ ጀምሪ። 45 ደቂቃ ከአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ በደንብ ይገባል፣ መብራት ሄደ መጣ አትሰሚውም። ባትሪው የደከመ ከሆነ የክሪታን ራስ-ሰር ማስቀመጫ ወደ 2 ደቂቃ አውርጂው፤ በዚህ መጠን ፋይል ፍጥነት አይቀንስብሽም።

ዘንባባ

ኢንስታግራምም ላይ የምትለጥፊ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። 1080 በ1080 አድርጊ የሚል ምክር ታገኛለሽ። 1080 ለ64 ሲካፈል 16.875 ነው፤ አንዱ ነጥብ 16፣ ሌላው 17 ፒክስል ይሆንና የታንኳው ማሰሪያ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይወጣል። ሥዕሉን 1024 አድርገሽ በጨለማው ቀለም ዙሪያውን 28 ፒክስል ክፈፍ ጨምሪበት፤ ልክ 1080 ይሆናል።