የሳሙና ድንጋይ ለኩሽና ጠረጴዛ ይሆናል?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
ጤና ይስጥልኝ። ቤት ሠርተን እየጨረስን ሲሆን፣ በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈውን ድንጋይ ለመምረጥ ተቸግረናል። ባለቤቴ እብነ በረድ ወድዳ ነበር፤ ነገር ግን እናቴ ቤት ያለው እብነ በረድ ሎሚ በተጨመቀበት ሁሉ ወዙን አጥቶ ጠቃጠቆ ሆኗል። አንድ ነጋዴ ከውጭ የገባ፣ ግራጫ፣ ሲዳስሱት ሳሙና የነካ እጅ የሚመስል ድንጋይ አሳየንና «ዘይት ብቻ እየቀቡ ይኑሩ» አለን። እውነት ነው? የእኛ ወጥ ቤት ድስትና ሙቀጫ የማይጠፋበት ነው።

ድንጋይ ጠራቢ፣ ባሕር ዳር
እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ ሎሚና ኮምጣጤ ገጹን ይበሉታል፤ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ የሚያዩት የኖራ ድንጋይም የዚሁ ዘመድ ነው። የሳሙና ድንጋይ ግን በዋናነት ታልክ ከተባለው ማዕድን የተሠራ ስለሆነ አሲድ አይበግረውም፤ በውጭ አገር የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ጠረጴዛ ሲሠራበት የኖረውም ለዚህ ነው። ውሃ ስለማያስገባ እርድም ሆነ በርበሬ ወደ ውስጡ አይሰርግም፣ ማሸጊያ ኬሚካልም አይፈልግም። ፊንላንዶች ምድጃ የሚሠሩበት ድንጋይ ነውና ትኩስ ድስትም አያሳስብዎት።

ድክመቱ ልስላሴው ነው። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ ታልክ ራሱ 1 ሲሆን ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። ለኩሽና የሚመረጠው ታልኩ ያነሰ ዓይነት በመሆኑ ከንጹሕ ታልክ ይጠነክራል፤ ቢሆንም ቢላዋ ይጭረዋል፣ ከሥሩ አሸዋ ይዞ የተጎተተ ሙቀጫም ነጭ መሥመር ትቶበት ያልፋል። ሙቀጫው መሬት ላይ የማይውል ከሆነ እኔ ባልገዛው እመርጣለሁ። ጠርዙ ብረት ድስት ሲመታው ስለሚሸረፍ ክብ አድርገው ያሠሩት። ጭረት ሲበዛ ውሃ እያርከፈከፉ በ120 ቁጥር፣ ቀጥሎም በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል፤ ብናኙ ለሳንባ ስለማይበጅ በደረቁ አይሹት።

ሳይገዙ በፊት ቁራጭ ለምነው ጀርባውን በቢላዋ ጫፍ ይጫሩ። ነጭ ዱቄት ካልወጣው፣ ጥቁር ግራናይት በሌላ ስም እየተሸጠልዎት ሊሆን ይችላል።

የቤት እመቤት፣ ቡሬ
ወንድሜ፣ ዘይቱ ግዴታ አይደለም። ድንጋዩን አያጠነክረውም፤ ግራጫውን ወደ ጥቁርነት ያደርሰዋል እንጂ። ሳይቀባ ከቀረ ግን ምድጃው አጠገብ ቅቤ የሚፈናጠቅበት ብቻ ይጠቁርና ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ሰው የሚቀባው እኩል እንዲጠቁር ብሎ ነው።

እኔ በጎጃም ተወልጄ ለዘይት ምን ገንዘብ አወጣለሁ ብዬ የኑግ ዘይት ቀባሁት። ብዙም ሳይቆይ ጣት የሚይዝ ሙጫ ሆነ፣ የቆየ ቅባት ሸተተ፣ የጤፍ ዱቄት ብን ባለ ቁጥር ተለጥፎበት ቀረ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ እየደረቀ የሚጣበቅ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና ስፈገፍግ ውዬ አልለቅ ስላለኝ በመጨረሻ ብርጭቆ ወረቀት አወጣው። አሁን ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ፈሳሽ ፓራፊን በጨርቅ ቀብቼ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይቼ የተረፈውን እወለውላለሁ፤ በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ ሲገረጣ ብቻ። ለዕለት ጽዳት ለስላሳ ጨርቅና የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ዕቃ በአመድና በአሸዋ ማሸት የለመደች እጅ ግን ከዚህ ድንጋይ ትራቅ።

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ
እግዜር ይስጥልኝ፤ ሙቀጫውስ ድሮም ደጅ ነው የሚውለው። ሰም እኛ ዘንድ አይጠፋምና ከፓራፊኑ ጋር ቢቀላቀል ይረዳ ይሆን?

ድንጋይ ጠራቢ፣ ባሕር ዳር
ቅባቱን ያቆየዋል። በሚዛን አራት እጅ ፓራፊን ለአንድ እጅ የተጣራ ሰም አድርገው፣ እሳት ላይ ሳይሆን የፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ያቅልጡት፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይረጋል። ሰም ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት አልፎ ስለሚቀልጥ፣ ትኩስ ድስት ያረፈበት ቦታ ክብ ሆኖ ሊገረጣ ይችላል፤ ያን ክብ ብቻ መልሰው ይቀቡት።