ደሴ ላይ ለሚከፈት ኤፍኤም፦ የአየር ሰዓቱን እናከራይ ወይስ ራሳችን እንያዘው?

ጦሳ ሥር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ ለሚከፈት የንግድ ኤፍኤም የፕሮግራም ሰንጠረዥ እያዘጋጀን ነው። ሥርጭቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ በቀን 18 ሰዓት ነው። ባለአክሲዮኖቹ 12ቱን ሰዓት ለተባባሪ አዘጋጆች (የአየር ሰዓት ተከራይተው የራሳቸውን ዝግጅት ለሚያቀርቡ) አከራይተን ደመወዝ እንሸፍን ይላሉ። የፕሮግራም ክፍሉ ጣቢያው መልክ ያጣል ባይ ነው። ኮምቦልቻም ጥርት ብሎ እንዲሰማ እንፈልጋለን። ምን ትላላችሁ?

ሚክሰር፦ ማከራየቱ ክፋት የለውም፣ 12 ሰዓት ግን በዝቷል። ተባባሪ አዘጋጅ የሚጨነቀው ለራሱ አንድ ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ላይ ስፖርት፣ 4 ላይ የትዳር ምክር፣ 5 ላይ ደግሞ ስፖርት ከሆነ አድማጭ በየሰዓቱ ጣቢያ ይቀይራል። ከዚህ የሚብሰው ገበያ ላይ የሚደርሰው ነው። ፒያሳ ያለው ባለሱቅ ጋ የእናንተ የማስታወቂያ ሠራተኛ ሲገባ ሦስት አዘጋጆች ቀድመውት፣ አንዱ ካንዱ ዋጋ ሰብረው ወጥተዋል። ታሪፋችሁ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ጠዋት ከ12 እስከ 3፣ ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 1 ያለውን ለማንም አትስጡ። ረፋዱንና ከምሽቱ 3 በኋላ ያለውን አከራዩ። ውሉ ላይ የወር ቅድመ ክፍያ፣ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚባል የስፖት (የአጭር ማስታወቂያ) ዋጋ፣ የጣቢያው ጂንግል (አጭር መለያ ዜማ) በየስንት ደቂቃው እንደሚገባ፣ ዋና አዘጋጁ ዝግጅት የማስቆም ሥልጣን እንዳለው ይጻፍ። ፈቃዱ በጣቢያው ስም ነውና አዘጋጁ ያልተጣራ ወሬ ቢያወራ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ቢራ ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው ብላችሁም ገቢ እንዳትቆጥሩ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ አስወጥቶታል።

ቦርከና፦ ስለ ኮምቦልቻ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ብዙ ሰው «ኃይል እንጨምር» ይላል። ከ1 ወደ 2 ኪሎዋት ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የሞገድ ጥንካሬ መለኪያ) ብቻ ነው፤ መሐል ላይ ጉብታ ካለ ብዙም አይፈይድም። አንቴናውን እዩ። ባለ 8 ቤይ አንቴና (አንዱ ካንዱ በላይ የተደረደሩ 8 ክፍሎች ያሉት) ሞገዱን አጥብቦ ወደ አድማስ ስለሚወረውረው፣ ተራራ ላይ ከተተከለ ከሥሩ ያለችው ደሴ ራሷ ሞገዱ በደንብ የማይደርስበት ባዶ ቦታ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ባለ 2 ወይም ባለ 4 ቤይ፣ ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ ይሻላችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት በትንሽ ማሠራጫ ሞክራችሁ፣ በመኪና ሬዲዮ እስከ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ድረስ እየሰማችሁ ውረዱ። ዳር ላይ ሽሽ የሚል ድምፅ ከበዛ ስቴሪዮውን አጥፍታችሁ በሞኖ ሞክሩት፤ ለንግግር ፕሮግራም የሚያጎድለው ነገር የለም።

አንባሰል፦ ወሎ ነው ተብሎ ቀኑን ሙሉ ትዝታና አምባሰል እንዳትደረድሩ፤ ሁለት ቀዝቃዛ ዜማ ከተከታተለ ሦስተኛው ይሙቅ። ስለ አዲስ ዘፈን ዝርዝር፦ በሰዓት 5 ካጫወታችሁ በ18 ሰዓት 90 ቦታ አለ። ዝርዝሩ በተራ የሚዞር 18 ዘፈን ከሆነ 90 ለ18 እኩል ስለሚካፈል ያው ዘፈን በየቀኑ በያው ሰዓት ይመጣል፣ የጠዋት አድማጭ ይሰለቻል። 19 አድርጉት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት እየዘገየ ይሄዳል። ረመዳን ላይ የማታው ሰንጠረዥ ኢፍጣርን ይከተል፤ መንዙማውንም አስቀድማችሁ አሰናዱ። በዐቢይ ጾም የሥጋ ቤት ማስታወቂያ ስለሚቀንስ የዚያን ወቅት ገቢ ዝቅ አድርጋችሁ አቅዱ።

ጦሳ ሥር፦ እናመሰግናለን። ሚክሰር፣ «ኪራዩ ከቀነሰ ደመወዙን ማን ይሸፍናል?» ቢሉንስ?

ሚክሰር፦ በቀን 8 ሰዓት በማከራየት ጀምሩ፣ ውሉ ግን የ6 ወር ይሁን፣ በራሱ የሚታደስ አይሁን። ጠዋት ላይ የሰዓት መግለጫውን፣ የአየር ሁኔታውንና ዜናውን ለየብቻ ስፖንሰር ሽጡ። በ6 ወር ውስጥ የራሳችሁ ሰዓት ከኪራዩ በላይ ካስገባ፣ ውሉ ሲያልቅ 2 ሰዓት መልሳችሁ ውሰዱ። ዱቤ ግን በፍጹም፤ ስፖቱ ከተላለፈ በኋላ ገንዘብ ማስመለስ ከባድ ነው።