ያገረሸ የምላስ ካንሰር፦ ፒዲ-ኤል1 የጠፋው ከዕጢው ነው ወይስ በፎርማሊኑ?

ጤና ይስጥልኝ፤ የፓቶሎጂና የሞለኪውላር ላብራቶሪ ሰዎች እባካችሁ አንድ ነገር ፍቱልን።

ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ ታካሚ ሁለት የፓራፊን ብሎክ ይዘናል፤ አንዱ ከጨረር ሕክምና በፊት፣ ሌላው ካገረሸ በኋላ የተወሰደ። የፒዲ-ኤል1 (ዕጢ ከበሽታ መከላከያ ሴሎች ለማምለጥ የሚጠቀምበት ፕሮቲን) ነጥብ፣ ማለትም ሲፒኤስ (የቀለሙ ዕጢና መከላከያ ሴሎች ብዛት ከዕጢ ሴሎች አንጻር)፣ በመጀመሪያው 15፣ ባገረሸው 0። በሁለቱም የቲፒ53 (ዕጢን የሚገታ ጂን) ሚውቴሽኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ ያው ዕጢ ነው ብለናል። ግን ባገረሸው ላይ በዲኤንኤው ከሲ (ሳይቶሲን) ወደ ቲ (ታይሚን) የተቀየሩ ብዙ ለውጦች፣ እያንዳንዳቸው ከንባቦቹ ከ5 በመቶ በታች ሆነው ታይተዋል። ይሄ የፎርማሊን ሥራ ይመስላል፤ ሳይቶሲንን ወደ ዩራሲል ይቀይራል፤ ዩራሲል ደግሞ ሲነበብ ቲ ይመስላልና።

ናሙናው ከመንዝ ሲመጣ ፎርማሊን ሳይነካው ለሰዓታት ቆይቷል፤ ከዚያ ቅዳሜና እሑድ ተጨምሮበት ከ72 ሰዓት በላይ ተነክሯል። የሚመከረው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ስላይዱን ጠባሳና የሞተ ቲሹ ሞልቶታል፤ ሕያው የዕጢ ሴል ለሲፒኤስ የሚያስፈልገውን 100 አልሞላም፣ ስለዚህ ያ 0 ጭራሽ ሪፖርት ላይ መጻፍ አልነበረበትም። የቶንሲል ኮንትሮሉ በደንብ ቀልሟል፤ እሱ ግን በአግባቡ ፎርማሊን የገባ ስለሆነ ስለዚህ ብሎክ ብዙም አይነግረንም።

ያሰብነው ኤችኤልኤ ክፍል አንድን (ሴሎች ለመከላከያ ሴሎች ራሳቸውን የሚያሳዩበት ፕሮቲን) ማቅለም ነው። አጠገቡ ያሉት ሊምፎሳይቶች ቀልመው ዕጢው ባዶ ከሆነ ዕጢው በእውነት ከመከላከያ ሴሎች አምልጧል ማለት ነው፤ ሁለቱም ባዶ ከሆኑ ጥፋቱ የቲሹው አያያዝ ነው። ለዲኤንኤው ዩዲጂ (ዩራሲልን የሚነቅል) ኢንዛይም እንጠቀም? ሜቲል ያለበት ሳይቶሲን በቀጥታ ቲ ስለሚሆን እሱን አያጸዳውም። ከብሎኩ ጠለቅ ብለን እንቁረጥ ወይስ በቀጥታ አዲስ ባዮፕሲ እንጠይቅ?