ሥራ ላይ የሚያንጎላጅ ሠራተኛ ይቀጣ ወይስ ይተኛ?

የጅሬን ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ድርጅት ሰሞኑን ሰብስቦን "ሥራ ላይ ሲያንጎላጅ የተገኘ ከደመወዙ ይቆረጣል" አለን። እኔ አልተዋጠልኝም። ሰውየው ለምን እንዳንጎላጀ የጠየቀ የለም። ሰኞና ማክሰኞ ሌሊት አስገብተውት ረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፈርም ይሉታል። በኔ እምነት ጥፋቱ ያለው ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ጋ ነው። ንቁ ሠራተኛ የሚፈልግ አሠሪ መጀመሪያ የሚተኛበት ሰዓት ይስጠው። እናንተስ?

ባለሱቁ፣ መርካቶ፦ አልስማማም ወንድሜ። እኔ ልጆቹን ማታ 12 ሰዓት ላይ እለቃቸዋለሁ። ከዚያ በርጫ ይቀመጣሉ፤ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ያልቃመውም ስልኩ ላይ አፍጥጦ ያመሻል። ጠዋት ዕቃ ቁጠር ስትለው ዓይኑ አይገለጥም። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? እንቅልፍ የራስ ኃላፊነት ነው።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ሱቅ ልክ ሊሆን ይችላል። ናይት ለሚገባ ሰው ግን አይሠራም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የመድኃኒት ካርድ ሲያነቡ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ አንዱን መጠን ሦስቴ ደጋግመው ያነባሉ፣ ከዚያም ጓደኛዎን ጠርተው "እስቲ አንቺም እዪልኝ" ይላሉ። ጠዋት ቤት ገብቶ መተኛት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የተከራየሁት ክፍል ግቢው ውስጥ ካለው የጋራ ቧንቧ አጠገብ ነው። ጀሪካን ይንኳኳል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ የጅማ ዝናብ ከጀመረ ደግሞ ቆርቆሮው አያስተኛም። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት ይባላል፤ በቀን ያንን ማግኘት እንዲህ ቀላል አይደለም። ሰውነት ብርሃን ሲያይ መንቃት ነው የሚፈልገው። ናይቱን ለመቋቋም ብለው ጫት የጀመሩም አውቃለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ ሁሌ ከጫት አይጀምርም።

ማሽን ኦፕሬተር፦ እኔ ግን ኦቨርታይሙን ራሴ ለምኜ ነው የምገባው። የቤት ኪራይ ማን ይከፍልልኛል? ተኛ ብላችሁ ሰዓቴን ብትቀንሱብኝ በሐሳብ ጭራሽ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦ ኦፕሬተሩ እውነቱን ነው፤ ኑሮው ነው የሚያስገድደው። ሕጉን ግን እንወቀው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ ክፍያው የመደበኛው 1.75 እጥፍ ነው። ይህ ጣሪያ የተቀመጠው እንዲከበር ነው፤ ሠራተኛው ራሱ ስለጠየቀ አይነሳም። ሽፍት ሲዞርም ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት ቢሆን ሰውነት ቶሎ ይለምደዋል። ወደ ኋላ ሲዞር ነው የሚያደቀው።

የጅሬን ልጅ፦ እኛ ጋ የሚዞረው ወደ ኋላ ነው! ይህን ለማስተካከል አንድ ብር አይወጣም፤ ወረቀቱን እንደገና መጻፍ ብቻ ነው። ኦፕሬተር ወንድሜ፣ ችግርህ ይገባኛል። ግን በ8 ሰዓት ደመወዝ መኖር ካልቻልክ መነሳት ያለበት የደመወዝ ጥያቄ ነው። በእንቅልፍህ እየከፈልክ አትዘልቀውም፣ ከማሽን ጋር ነው የምትውለው።

ቡና ማጠቢያ ላይ ያለሁ፦ እኔ ተቆጣጣሪ ነኝ፣ ጎማ ወረዳ። እሸት ቡና ማታ ነው ተጭኖ የሚደርሰው፣ ካደረ ደግሞ መብላላት ይጀምርና ጥራቱ ይወርዳል። ስለዚህ በአዝመራው ሌሊት መፈልፈል ግድ ነው። እኛ ሰዉን ለሁለት ከፈልነው። ሌሊት የፈለፈለ ጠዋት ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና አያገላብጥም፣ ሄዶ ይተኛል። ሌሊት ለሚገባው ደግሞ ከመግባቱ በፊት 20 ደቂቃ ጋደም ማለት ይፈቀዳል። ቡናም ቢሆን አመሻሽ ላይ እንዲጠጣ አልመክርም። 11 ሰዓት ላይ ከጠጣኸው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ምሽት 4 ሰዓትም ሰውነትህ ውስጥ አለ።

ባለሱቁ፣ መርካቶ፦ ሦስተኛው እንኳ ሳይጠጣ ከጀበና ተነሱ ልትሉን ነው?

ነርሷ፦ አይነሱ ጋሼ፣ ሰዓቱን ወደ ምሳ ያምጡት። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ዕቃ የሚያመጣልዎት ሹፌር አለ? ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ምሽት 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ነቅቶ ቆይቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የምላሹ ፍጥነት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ያ ሰው ነው ግቤን በጨለማ የሚወርደው።

ባለሱቁ፣ መርካቶ፦ እሺ፣ ሹፌሩ ላይ ተስማምቻለሁ። ሲጭን የዋለ ሹፌር ማታ አይወጣም፣ ዕቃዬም ጠዋት ይምጣ። የሱቁ ልጅ ላይ ግን አቋሜ ያው ነው።

የጅሬን ልጅ፦ እኔም ቅጣቱ ላይ አቋሜ ያው ነው። ነገ የሽፍቱን ወረቀት ይዤ ለሠራተኛ ማኅበሩ አቀርባለሁ። ወደ ኋላ የሚዞርባችሁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።