የኤም.ሲ.ፒ. ሰርቨሬ በላፕቶፔ ላይ ይሠራል፤ ከኤጀንት መድረኩ ጋር ግን አልገናኝ አለኝ

መዝገብ_ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የአማርኛ መጻሕፍት የተመዘገቡበት ካታሎግ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ አለን። አንባቢዎች መስኮት ላይ መጥተው የሚያቀርቡልንን ጥያቄ፣ ለምሳሌ «ስለ ንብ ማነብ በ1970ዎቹ የታተመ ምን አላችሁ?» የሚለውን ዓይነት፣ አንድ ኤጀንት (በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል እየታገዘ መሣሪያዎችን ጠርቶ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም) ከካታሎጉ ፈልጎ እንዲመልስልን ስለፈለግን፣ በፓይተን አነስተኛ የኤም.ሲ.ፒ. ሰርቨር ጻፍኩ፤ ኤም.ሲ.ፒ. ኤጀንት ከውጭ መሣሪያዎችና መረጃ ጋር የሚገናኝበት ፕሮቶኮል ነው። ሰርቨሩ ሦስት መሣሪያዎች አሉት፤ አንዱ መጽሐፍ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው የአንድን መጽሐፍ ሙሉ መረጃ ያመጣል፣ ሦስተኛው መጽሐፉ በውሰት ወጥቶ እንደሆነ ይናገራል።

በላፕቶፔ ላይ ካለው የዴስክቶፕ ፕሮግራም ጋር ሳገናኘው ሦስቱም ያለ እንከን ይሠራሉ። ችግሩ የጀመረው በመሥሪያ ቤታችን የሊኑክስ ማሽን ላይ በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ ገለልተኛ ክፍሎች ውስጥ በሚያሠራ ሶፍትዌር) ከተጫነው የኤጀንት መድረክ ጋር ላገናኘው ስሞክር ነው። መድረኩ የሚጠይቀው የማስነሻ ትእዛዝ ሳይሆን የድር አድራሻ ስለሆነ፣ ሰርቨሩን ወደ ስትሪመብል ኤችቲቲፒ (በድር በኩል ወደሚገናኝበት መንገድ) ቀይሬ በዚያው ማሽን ላይ በ8000 ፖርት አስነሣሁትና፣ በመድረኩ ቅጽ ላይ 127.0.0.1ን ከነፖርቱ ሞላሁ። የማገኘው መልስ «ግንኙነቱ አልተሳካም» የሚል ብቻ ነው፤ በእኔ ሰርቨር ሎግ ላይ ደግሞ የደረሰ ጥያቄ አንድም አይታይም።

ያንኑ አድራሻ በማሽኑ ብራውዘር ስከፍተው 406 የሚል ስሕተት ይመልስልኛል። በዚህ ምክንያት ሰርቨሩ ራሱ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን መስመር በመስመር ስፈትሽ ቆየሁ፤ ምንም አላገኘሁም። የት ላይ ልፈልግ?

ሽቦና_ፖርት

በመጀመሪያ ከ406 ላሳርፍዎት፤ ይህ ቁጥር ሰርቨርዎ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። በስትሪመብል ኤችቲቲፒ የሚመጣ ደንበኛ መልሱን በጄሰንም ሆነ በክስተት ፍሰት መልክ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን በጥያቄው ራስጌ ላይ ማስታወቅ ይጠበቅበታል። ብራውዘር ይህን ስለማያደርግ ሰርቨሩ «በምትፈልገው ዓይነት ልመልስልህ አልችልም» ብሎ ይሸኘዋል። ብራውዘር ለዚህ ሥራ መፈተኛ አይሆንም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ኢንስፔክተር የተባለውን ፕሮግራም ቢጠቀሙ እያንዳንዱን መልእክት ፊት ለፊት ያዩታል።

ዋናው ችግርዎ ያለው አድራሻው ላይ ነው። 127.0.0.1 ማለት «እኔው ራሴ» ማለት ነው፤ ይህን አድራሻ የሚጠራው ደግሞ እርስዎ ሳይሆኑ በኮንቴይነር ውስጥ ያለው መድረክ ነው። መድረኩ በ8000 ፖርት የሚፈልገው በራሱ ኮንቴይነር ውስጥ ስለሆነና በዚያ ማንም ስለሌለ፣ ጥያቄው ከኮንቴይነሩ ሳይወጣ ይሞታል። በሎግዎ ላይ ምንም ያላዩትም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ከኮዱ በፊት አድራሻውን መድረኩ በቆመበት ቦታ ቆሞ ማየት ይገባል፤ ወደ ኮንቴይነሩ ውስጥ ይግቡና ከዚያ ሆነው አድራሻውን በከርል (ከትእዛዝ መስመር የድር አድራሻ በሚጠራ ፕሮግራም) ይጥሩት። ከዚያ ካልተገኘ ለመድረኩም አይገኝም።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ከኮንቴይነሩ ወደ ዋናው ማሽን መውጣት ነው፤ በሊኑክስ ላይ ለዚህ የሚያገለግለውን የአስተናጋጅ ስም በኮምፖዝ ፋይሉ (ኮንቴይነሮቹ እንዴት እንደሚነሡ በሚዘረዝረው የዶከር ፋይል) ላይ እርስዎ ራስዎ መጨመር አለብዎት። በዚህ ላይ ሰርቨርዎ በ127.0.0.1 ላይ ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ ከኮንቴይነሩ የሚመጣውን ጥያቄ አይሰማም። እኔ ይህን መንገድ አልመክርም። ሁለተኛውና የተሻለው፣ የእርስዎንም ሰርቨር በኮንቴይነር አድርገው ከመድረኩ ጋር በአንድ የዶከር ኔትወርክ ላይ ማስቀመጥ ነው። በኮንቴይነሩ ውስጥ በ0.0.0.0 (ማለትም በሁሉም አድራሻዎቹ) ላይ እንዲያዳምጥ ያድርጉት፤ በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ «ካታሎግ» የሚል የአገልግሎት ስም በላቲን ፊደል ይስጡት፤ በመድረኩ ቅጽ ላይ ከ127.0.0.1 ይልቅ ይህንኑ ስም ይሙሉ። ወደ ውጭ የሚከፈት ፖርት አያስፈልግዎትም። ከዚህ በኋላ 421 የሚል ስሕተት ቢያዩ አይደንግጡ፤ የኤስዲኬው (የኤም.ሲ.ፒ. ሰርቨር የሚሠራበት የኮድ ስብስብ) አዳዲስ እትሞች ጥያቄው በምን ስም እንደመጣ ስለሚፈትሹ፣ አዲሱን ስም በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።

አንድ ነገር ደግሞ ያረጋግጡ። ፕሮቶኮሉን አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይፋ ሲያደርገው በድር በኩል የሚገናኘው ኤስ.ኤስ.ኢ. በሚባል ሌላ መንገድ ነበር፤ በእርሱ ቦታ ስትሪመብል ኤችቲቲፒ የገባው በማርች 2025 እትም ነው። በዕድሜ የገፉ መድረኮች እስከ ዛሬ የቀድሞውን ብቻ ሊያውቁ ስለሚችሉ፣ የእርስዎ መድረክ የትኛውን እንደሚቀበል ከቅጹ ላይ ይመልከቱ።

መዝገብ_ጠባቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ከኮንቴይነሩ ውስጥ ሆኜ ስጠራው በእርግጥም የሚመልስ አልነበረም። ሰርቨሩን ወደ ኮምፖዙ ካስገባሁት በኋላ ግንኙነቱ ወዲያው ተሳካ፤ ሦስቱም መሣሪያዎች በመድረኩ ላይ ተዘርዝረው ታዩ።

አሁን የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ኤጀንቱ መሣሪያውን ሲጠራ አንዳንዴ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሴሽኑ (የተከፈተው ግንኙነት) አልተገኘም የሚል 404 ይመጣል፤ ምንም ሳልነካው እንደገና ስሞክረው ይሠራል። ሰርቨሩን የማስነሣው በአራት ወርከር (ጥያቄዎችን ተካፍለው በሚያስተናግዱ አራት የሰርቨሩ ቅጂዎች) ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስጨንቀኛል፤ የሚመጣው መልስ የተሳሳተ ነው። ስለ ንብ ማነብ በ1970ዎቹ የታተሙትን ስጠይቀው፣ በመደርደሪያችን ላይ በዓይኔ የማያቸውን ሁለት መጻሕፍት ትቶ በ1980ዎቹ የታተመ ሌላ መጽሐፍ አመጣልኝ። «ሰዓሊ» የሚል ቃል በርዕሱ ያለበትን መጽሐፍ ስጠይቀው ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ እንደሌለው እርግጠኛ ሆኖ ነገረኝ፤ መጽሐፉ ግን አለን። ሎጉን ስመለከት ለመጀመሪያው ጥያቄ የላከው የዓመት ወሰን ከ1977 እስከ 1987 የሚል ነው። ይህን ከየት አመጣው?

ሽቦና_ፖርት

404ቱን የሚያመጡት አራቱ ወርከሮች ናቸው። ሴሽኑ የሚቀመጠው በከፈተው ወርከር ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ወደ ሌላው ወርከር ሲሄድ የሚያውቀው የለም። ለእርስዎ ሥራ አንድ ወርከር ከበቂ በላይ ነው። ካልሆነም ሴሽን የማይዘውን የአሠራር ስልት ያብሩ። ሁለተኛውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

ቁም_ጽሕፈት

ሁለተኛውን እኔ ልሞክር፤ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ስሠራ ብዙ ጊዜ የገጠመኝ ጉዳይ ነው።

1977 እና 1987 ከየት እንደመጡ ማወቅ አያስቸግርም። በእኛ አቆጣጠር 1970ዎቹ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከመስከረም 1977 እስከ መስከረም 1987 ያለው ጊዜ ነው። ሞዴሉ ጥያቄው በአማርኛ መሆኑን አይቶ ዓመቱን በትክክል ወደ ፈረንጆቹ ቀይሮታል፤ የእርስዎ ካታሎግ ግን መጽሐፉ ላይ የታተመውን የኢትዮጵያ ዓመት እንዳለ የመዘገበ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ልክ ሆኖ ሳለ መልሱ ተሳሳተ። እገምታለሁ፣ የመሣሪያዎ መግለጫ «የኅትመት ዓመት» ከማለት ያለፈ የሚለው የለም። ሞዴሉ ዳታቤዝዎን አያየውም፤ ስለ መሣሪያው የሚያውቀው በስሙ፣ በመግለጫውና በግቤቶቹ ዝርዝር ላይ የጻፉለትን ብቻ ነው። ሰው ቢሆን ዞሮ የሥራ ባልደረባውን ይጠይቅ ነበር። መግለጫውን እንደሚከተለው ቢጽፉት፦ «የኅትመት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ መጽሐፉ ላይ እንደታተመው። ጠያቂው እ.ኤ.አ. ካላለ በስተቀር ዓመቱን አትቀይር።» እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብዙ ኮድ የማያመጣውን ለውጥ ያመጣሉ።

መግለጫው በአማርኛ ቢጻፍ ችግር የለበትም። የመሣሪያው ስም ግን የላቲን ፊደል ይሁን፤ ብዙዎቹ የሞዴል አቅራቢዎች በስም ላይ ከላቲን ፊደል፣ ከአኃዝና ከሰረዝ በስተቀር ስለማይቀበሉ፣ በአማርኛ የተሰየመ መሣሪያ ገና ሲመዘገብ ውድቅ ይደረጋል።

ወደ ሰዓሊው ልምጣ። በካታሎጉ ላይ ርዕሱ «ሠዓሊ» ተብሎ በንጉሡ ሠ የተመዘገበ ይመስለኛል፤ ኤጀንቱ የላከው በእሳቱ ሰ ነው። ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለዳታቤዙ ግን ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ያስቡት፤ «ዓለም»፣ «ዐለም»፣ «አለም»ም እንዲሁ። ጸሐፊዎቻችን በየዘመኑ በየመንገዳቸው ጽፈዋል፤ መዝጋቢዎቻችንም እንዲሁ መዝግበዋል፤ ሞዴሉም ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ይልካል። ስለዚህ ማስተካከያው መደረግ ያለበት በእርስዎ ሰርቨር ውስጥ ነው። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል አንድ ተጨማሪ ዓምድ ይፍጠሩ፤ በእርሱም ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በሰባቱም ሆሄያት ይቀይሩ። በሀ እና በአ ቤት ግዕዙና ራብዑ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» ማጠፍ አይዘንጉ፤ ይህ ካልተደረገ «ዓለም» ወደ «ኣለም» ተለውጦ ከ«አለም» ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። በቀድሞ መዝገቦች ላይ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ካለም በባዶ ቦታ ይተኩት። ኤጀንቱ የሚልከውን ቃልም በዚያው ደንብ አሳልፈው ካበቁ በኋላ ያነጻጽሩ። ለአንባቢው የሚታየው ርዕስ ግን እንደ ጥንቱ ይቆይ፤ የደራሲውን አጻጻፍ ለፍለጋ ብለን መለወጥ የለብንም፤ በዚህ ላይ አጥብቄ እቆማለሁ።

በመጨረሻ፣ ፍለጋው ባዶ ሲሆን ባዶ ዝርዝር ብቻ አይመልሱ። ሞዴሉ ባዶ ዝርዝር ሲያይ «የላችሁም» ብሎ ይደመድማል፤ «በዚህ ቃል የተገኘ የለም፤ በደራሲ ስም ወይም በአጠር ያለ ቃል ይሞከር» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ግን ራሱ እንደገና ይፈልጋል።

የሌሊት_ተረኛ

ከላይ የተሰጡት መልሶች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ስለ ሦስተኛው መሣሪያ ማንም ስላልጠየቀ ልጠይቅ። መጽሐፉ በውሰት መውጣቱን ሲናገር ማን እንደወሰደውም ይናገራል? የውሰት ሠንጠረዡን ረድፍ እንዳለ የሚመልስ ከሆነ፣ የተዋሹ ስምና ስልክ ቁጥር ወደ ሞዴሉ እየሄደ ነው፤ ኤጀንቱን አግባብቶ የጠየቀ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል። «ስም አትናገር» የሚል መመሪያ ለኤጀንቱ መስጠት መከላከያ አይሆንም፤ መሣሪያው ያልመለሰውን ነገር ብቻ ነው ኤጀንቱ በእርግጠኝነት የማይናገረው። አንድ ሰው ምን እንደሚያነብ ማወቅ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ ይህን ሳያስተካክሉ ለአንባቢዎች እንዳይከፍቱት እለምንዎታለሁ።

ለሰርቨሩ የተለየ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ይክፈቱለት፤ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት፣ የተዋሾችን ሠንጠረዥ ደግሞ ጭራሽ የማያይ ይሁን። ከመድረኩ ወደ ሰርቨሩ የሚደረገው ጥሪ በራስጌው ላይ ቶከን (የይለፍ ቁልፍ) እንዲይዝ ያድርጉ፤ ቶከኑን በአድራሻው ውስጥ አይክተቱት፤ አድራሻ በየሎጉ ይጻፋል። ቀድሞ በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ 8000 ፖርትን ወደ ውጭ አውጥተው ከነበረም ይዝጉት። ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን የአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ደንብ ስለሚጽፍ፣ በዩኤፍደብሊው (ፋየርዎሉን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ከለከልኩት ብለው የሚያምኑት ፖርት ክፍት ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

መዝገብ_ጠባቂ

ወርከሩን አንድ ካደረግሁ ወዲህ 404 አላየሁም። የፍለጋውን ዓምድ ጨምሬ የዓመቱን መግለጫ እንደተባለው ጻፍኩ፤ ሁለቱ የንብ ማነብ መጻሕፍት መጡ፣ ሠዓሊውም ተገኘ። በመጀመሪያው ሙከራ «ሃ»ን ማጠፍ ረስቼ ስለነበር «ሃገር» ተብለው የተመዘገቡት ሁሉ ቀርተውብኝ ነበር፤ እርሱንም አስተካከልኩ።

የሌሊት ተረኛው የጠየቁት ግን እውነት ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው ረድፉን እንዳለ ነበር የሚመልሰው፤ ስምም ስልክም ነበረበት፤ የዴስክቶፑ ፕሮግራም ለእኔ ብቻ ስለነበር አላስተዋልኩትም። አሁን «በመደርደሪያ ላይ አለ» ወይም «በውሰት ወጥቷል፣ የሚመለሰው በዚህ ቀን ነው» ከማለት ውጭ ምንም አይመልስም። በሙከራው ጊዜ የተከማቹትን የመድረኩን ሎጎችም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከኃላፊዬ ጋር ሆነን አጠፋን። ማንበብ ብቻ የሚችለውን የዳታቤዝ ተጠቃሚ ነገ ጠዋት መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት እሠራዋለሁ፤ እስከዚያው ኤጀንቱን ለአንባቢዎች አልከፍተውም።