በሚልስ የእጅ ቦምብ ክዳን ላይ ያለ የአምራች ምልክት

ጥያቄ፦
ባዶ መሆኑ በባለሙያ የተረጋገጠ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የቀረ የሚልስ የእጅ ቦምብ አካል ከነግርጌ ክዳኑ አለኝ። በክዳኑ ላይ የደበዘዘ ስም፣ ከሥሩም «5/16» የሚል ቁጥር ይታያል። 5 የሞዴሉ ቁጥር ነው ወይስ የወሩ? ስሙን ማንበብ ብችልስ ቦምቡን ማን እንደሠራው በእርግጠኝነት ለመናገር ይበቃል?

መልስ 1፦
በእንዲህ ያሉ ክዳኖች ላይ በሰያፍ መስመር የተለዩ ቁጥሮች በአብዛኛው ወርንና ዓመትን ስለሚያመለክቱ፣ የእርስዎ ክዳን እ.ኤ.አ. በሜይ 1916 የተሠራ ይመስላል። የሞዴሉ ቁጥር ለብቻው ይጻፋል። ዊልያም ሚልስ ፈጠራውን በበርሚንግሃም በ1915 ቢያስመዘግብም ምርቱ ለብዙ ድርጅቶች በኮንትራት ስለተሰጠ፣ በክዳኑ ላይ የሚገኘው ስም የሌላ ድርጅት ቢሆን አያስገርምም። እባክዎ የክዳኑን መሃል ይመልከቱ፤ በጠመንጃ የሚተኮሰው ቁጥር 23 የተባለው ሞዴል ዘንግ የሚታሰርበት ጥምዝ ቀዳዳ አለው፤ ኋላ የመጣው ቁጥር 36ም በመሃሉ ቀዳዳ አለው፤ ቁጥር 5 ግን በእጅ ብቻ የሚወረወር በመሆኑ ይህ አያስፈልገውም።

መልስ 2፦
ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስሙ የሚመሰክረው ስለ ክዳኑ ብቻ ነው። አካሉን ያቀለጠው ሌላ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም በላይ ክዳኑ ተፈትቶ የሚገጠም ስለሆነ ባለፉት ዓመታት ከሌላ ቦምብ ተወስዶ የተገጠመ ሊሆን ይችላል። በአካሉ ላይ አብረው የተቀረጹ ፊደላት ካሉ ለየብቻቸው መዝግቧቸው፤ ሁለቱን ምልክቶች እንደ አንድ ማስረጃ ማያያዝ፣ በእኔ እምነት፣ ሰብሳቢዎችን በብዛት የሚያሳስት ነገር ነው።

መልስ 3፦
ለንባቡ የሽቦ ብሩሽም አሲድም አይጠቀሙ፤ ከምልክቱ የተረፈውን ጥቂት ጠርዝ ይበሉታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪን ከጎን አስጠግቶ ማብራት የፊደላቱን ጥላ ያወጣዋል፤ ስስ ወረቀት አኑሮ በእርሳስ ማሸትም ይረዳል። ሌሎች አንባቢዎች ግን ባዶነቱ ያልተረጋገጠ ቦምብ ካላቸው ክዳኑን ለመፍታት ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ሳይነኩት ለፖሊስ ያሳውቁ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። መሃሉ ቀዳዳ የለውም፤ ብርሃኑን ከጎን ሳደርግም ከቀኑ በላይ ለብቻው የተጻፈ 5 ታየኝ። አሁን የአካሉን ውጫዊ ገጽ በዚሁ መንገድ እመለከተዋለሁ።