አባባ የልብ ኪኒናቸውን ደግመው ዋጡ፤ ምን ላድርግ?

የቆጪ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አባባ የልብ ኪኒናቸውን ጠዋት መዋጣቸውን ረስተው ደገሙት፤ ስንት ፍሬ እንደሆነ አላውቅም። ያቅለሸልሻቸዋል፣ ነጩ ግድግዳ ቢጫ ሆነብኝ ይላሉ። ጣቴን ከትቼ ላስመልሳቸው?

ጊቤ ማዶ፦ ወተት አጠጪያቸው፣ እህቴ። መርዝ የሚያረክስ እሱ ነው።

ተረኛ ነርስ፦ ጣትም ወተትም ይቅር! ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የኪኒኑን ስም ከማሸጊያው ላይ አንብቢልኝ።

የቆጪ ልጅ፦ ዲጎክሲን 0.25 ሚሊ ግራም። የታዘዘላቸው በቀን ግማሽ ፍሬ ነው። የሚያሸና ኪኒንም ይወስዳሉ።

ፋርማሲስቱ፦ ዲጎክሲን ከዲጂታሊስ ተክል ቅጠል የሚወጣ መድኃኒት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለዚህ ተክል ሲጽፍ፣ ሲበዛ ነገር ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ እንደሚታይ መዝግቧል። የሚያድነውና የሚጎዳው መጠን በጣም ይቀራረባሉ። የሚያሸናው ኪኒን ደግሞ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ከደም ያጥባል፤ ያኔ ዲጎክሲን በልብ ላይ ይበረታል።

የመርካቶ ሰው፦ አንድ ፍሬ ተደገመ ብሎ መመረዝ የለም። ጨጓራቸው ነው፤ ይተኙ።

ጊቤ ማዶ፦ ወተቱን ሰጠሻቸው?

ተረኛ ነርስ፦ አትስጪ! መተኛትም አይደለም። የቆጪ ልጅ፣ የዛሬው ድግም ብቻ አይመስለኝም፤ በዕድሜ ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ቀን በቀን ይጠራቀማል፣ ቢጫ ማየትም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል። ሰሞኑን የምግብ ፍላጎታቸው ቀንሶ ነበር? አሁን አውራ ጣታቸው ሥር ያለውን የእጅ ምት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ።

የቆጪ ልጅ፦ 44። ከሳምንት በላይ ምግብ አስጠልቷቸዋል። ጾም ነው ብዬ ነበር።

ተረኛ ነርስ፦ አሁኑኑ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከዘገየ ባጃጅ ይሁን፤ ደጋግፋችሁ አሳፍሯቸው እንጂ አታራምዷቸው። ሁለቱንም ማሸጊያ ያዢ፣ የጎደለውን ፍሬ መንገድ ላይ ቁጠሪ። እንደደረስሽ «ዲጎክሲን» ብለሽ ተናገሪ። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ያነሳሉ፣ ፖታሲየምና ኩላሊት ይመረምራሉ፤ ምቱ እጅግ ከወረደ ምት የሚያፈጥን አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ። ዋናው ማርከሻ ውድና በየቦታው የማይገኝ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን አታባክኚ።

የቆጪ ልጅ፦ ባጃጅ ቆሟል። አባባ ስሜን አሳሳቱ፣ በእናቴ ስም ጠሩኝ።

ተረኛ ነርስ፦ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪ።

ተረኛ ነርስ፦ ደረሳችሁ?

ፋርማሲስቱ፦ እህት፣ አንድ ቃል ጻፊልን።